ስለ ኮምፒዩተሬ መታደስና ስለ ቤቴ ጸጥታ

ነገሩ ሲጀመር የኮምፒዩተር ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን እየቈየ የቤተ ሰብ ነገር ሆኖ ስላገኘሁት በዚህ ገጽ ልጽፈው ደፈርሁ። የሆነውም በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከአንባቢዎች ብዙዎቹ በቤታቸው እንዲህ ያለ መሣሪያ ስላላቸው፥ የእኔን ችግር ሲያነቡ ምናልባት የራሳቸውን ያስታውሱ ይሆናል።

በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ያለው ኮምፒዩተር ከተገዛ ዐሥር ዓመት አልፎታል። በብብት ተይዞ የሚዞር ላፕቶፕ ሳይሆን፥ ሣጥኑ ከጠረጴዛው ሥር የሚቀመጥ፥ ስክሪኑ ከላይ የሚቆም ዴስክቶፕ ነው። ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን አሁን ስጽፈው ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር መሆኑን አያለሁ፤ በዚያ ቀን ግን ፈጽሞ ከልቤ አልነበረም።

በዚህ ኮምፒዩተር የምሠራው ዋናው ሥራ የመሥሪያ ቤት ጽሕፈት አይደለም። እናቴ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በአገራችን ልማድ ሰው ከመጋባቱ አስቀድሞ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድናውን ይቈጥራል፤ ይህንም ቈጠራ በቃላቸው ይዘው የሚያቈዩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። እናቴም የአባታቸውንና የእናታቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ያውቁ ነበርና፥ ከሦስት ዓመት ወዲህ ማታ ማታ ከቡና በኋላ እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ ስጽፍ ቈየሁ። ማን ማንን እንዳገባ፥ ማን ከማን ጋር በርስት ተካስሶ በኋላ እንደ ታረቀ፥ በጠላት ወረራ ዘመን ማን ወደ ዱር ወጥቶ ሳይመለስ እንደ ቀረ፥ ይህ ሁሉ ተጽፎ 143 ገጽ ሆኖ ነበረ። ግልባጩን በፍላሽ ያስቀመጥሁት ግን ጽሑፉ 60 ገጽ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈ።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ደግሞ እናቴ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የዛሬውንና የትናንትናውን ነገር ብቻ ይረሱ ነበርና፥ የድሮው አይጠፋቸውም እያልን ስንጽናና ቈየን። በኋላ ግን የድሮውም ጥቂት በጥቂት መራቅ ያዘ።

ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፥ ኡቡንቱ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ስለ እርሱ ጥቂት ልናገር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ሰው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊኑክስ የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ ለዓለም በግልጽ አወጣው። የተጻፈበትን ቃል ማንም ሰው ሊያነበው፥ ሊያርመው፥ አባዝቶም ለሌላው ሊሰጠው ይችላል፤ ኦፕን ሶርስ ማለትም ይኸው ነው። በዚህም መሠረት ላይ ብዙ ማኅበሮች ቤታቸውን ሠሩ፤ ከነዚህም አንዱ በ1993 የተጀመረው ደብያን ነው። ኡቡንቱ ደግሞ ከደብያን ወጥቶ፥ ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሰው ባወጣው ገንዘብ በ2004 ለሕዝብ ቀረበ። ይህ ሰው ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በሩስያ መንኰራኵር ወደ ጠፈር ወጥቶ የተመለሰ ነው። ኡቡንቱ የሚለው ቃል ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ሆኖ ለሌላው ሰው ሰው መሆንን ያመለክታል። ዓለም በሚሠራበት ነገር ላይ የአፍሪካ ቃል ተጽፎ ማየት ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ግን ስሙን ለመስማት እንኳ አልፈቀድሁም።

ይህን ሲስተም የመረጥሁት ስለ ሊቅነቴ አይደለም። የሚሸጠው ሲስተም ለደሞዝተኛ ውድ ነው፤ በየሱቁ የሚገለበጠው ደግሞ የተሰረቀ ቅጂ ከመሆኑም በላይ ቫይረስ የሞላበት ነው። እኔም በዚያ በተሰረቀው ስሠራ ዓመታት አሳልፌ ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ፥ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራዬ ኡቡንቱን በነጻ ጭኖልኝ ከሁለቱም ችግር አወጣኝ። ስለዚህ ባለ ውለታዬ ነው ብል ሐሰት አይሆንም።

የኡቡንቱ ዕትሞች ቍጥራቸው የወጡበት ዓመትና ወር ነው። በየሁለት ዓመቱ በአፕሪል የሚወጣው ዕትም የአምስት ዓመት ጥገና ይደረግለታል። የእኔ 20.04 የሚባለው፥ በአፕሪል 2020 የወጣው ስለ ነበረ፥ የጥገናው ዘመን በሜይ 2025፥ ማለት በእኛ በግንቦት 2017 ሊፈጸም ተቃርቦ ነበረ። ኮምፒዩተሩም በከፈትሁት ቍጥር ይህንኑ ያስታውሰኝ ጀመር። ጥገና የሌለው ሲስተም በር እንደሌለው ቤት ነው ሲሉ ስለ ሰማሁ ፈራሁ። በምዝገባ ብቻ፥ ያለ ገንዘብ፥ ተጨማሪ የጥገና ዓመታት ለግለሰብ እንደሚሰጥ ያወቅሁት ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ያን ያህል የቸኰልሁት በከንቱ ነበረ።

ደግሞም መንገዱ አንድ አይደለም። ከ20.04 ተነሥቶ በአንድ ዝላይ ወደ 24.04 መድረስ አይፈቀድም፤ አስቀድሞ 22.04 ላይ መውረድ፥ ከዚያም እንደገና መነሣት ግድ ነው። በድሮ ዘመን የቅሎ መንገደኛ በየሰፈሩ እያደረ እንደሚጓዝ ያለ ነው።

ዓርብ ማታ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ሥራውን ጀመርሁ። መመሪያው ከሁሉ አስቀድመህ የጽሑፎችህን ግልባጭ በሌላ ቦታ አስቀምጥ ይላል፤ አነበብሁት፤ አልፌው ሄድሁ። ቀጥሎም ኮምፒዩተሩ ራሱ፥ ማውረዱ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ሥራውን መሰረዝ አይቻልም፥ ትቀጥላለህን? ሲል ጠየቀኝ። እሺ የሚለውን ተጫንሁ። ኢንተርኔቱ ዝግተኛ ስለ ነበረ ጥቅሎቹን ለማውረድ ብቻ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ፈጀ። ከዚያም ጭነቱ ሲጀመር በስክሪኑ ላይ ጽሕፈቱ እንደ ወንዝ ሲወርድ አይቼ፥ ጧት ተፈጽሞ አገኘዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ጧት ስነሣ ወንዙ ቆሟል። እኔ ከተኛሁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጥያቄ አቅርቦ መልስ ሲጠብቅ ማደሩ ነው። ጥያቄውም የማተሚያው ነገር ከተጻፈበት ፋይል ላይ ነበረ፤ ይህን ፋይል ከብዙ ጊዜ በፊት ባልንጀራዬ ስለ ለወጠው፥ የነበረውን ላቈይ ወይስ አዲሱን ልተካ? ይላል። አንድ ፊደል ለመጫን ስድስት ሰዓት ሙሉ አንቀላፍቼ አሳለፍሁ። የነበረው ይቈይ ብዬ ብመልስለት ወንዙ እንደገና መፍሰስ ጀመረ፤ እኔም እንግዳ መጥቶብኝ ስለ ነበረ ወደ ሳሎን ሄድሁ።

እንግዳዬን እስከ ግቢው በር ሸኝቼ ስመለስ ስክሪኑ ጥቍር ሆኖ አገኘሁት። የክፍሉ መብራት ግን በርቷል። ልጄ፥ ዐሥራ ሰባት ዓመት የሆናት፥ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ሶኬቱ ጐንበስ ብላ የስልኳን ቻርጀር ታነሣ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የተናገርሁትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም። ገመዱን ነቀልሽው አልኋት። እርስዋም፦

«አባዬ፥ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ መጣ እንጂ እኔ እጄን አላስነካሁትም» አለችኝ።

«መብራቱ ይኸው በርቶ አይደለም ወይ! ዕቃ ማበላሸት አንሶ ሐሰት ጨመርሽበት?» አልኋት። ሌላም የማይገባ ነገር ጨመርሁ። ልጅቱ መልስ አልሰጠችም፤ ቻርጀሩን ይዛ ወደ ክፍልዋ ገባች፤ ምሳም አልቀረበችም።

እኔም ኮምፒዩተሩን ደጋግሜ አጥፍቼ ባበራው፥ በጥቍሩ ላይ ጥቂት ነጫጭ የእንግሊዝኛ መስመሮች ጽፎ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለ። 143ቱ ገጽ ትዝ ያለኝ በዚህ ጊዜ ነው። እጄ ቀዘቀዘ።

ጥቂት ቈይቶ ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጣች። በሰፌድ ላይ አንድ እንጀራ ይዛለች፤ እንጀራውም ዐይን ያላወጣ፥ ግማሹ ሊጥ የሆነ ነው። ምንም ሳትናገር ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አስቀምጣው ተመለሰች። ቅዳሜ የጋገራ ቀን መሆኑን፥ ምጣዱም የኤሌክትሪክ መሆኑን ሳስታውስ ነገሩ ገባኝ። መብራቱ ጠፍቶ ነበረ፤ ምጣዱም ከኮምፒዩተሬ ጋር አብሮ ጠፍቶ ነበረ። በረዶ ቤት ያለው ፍሪጅም ቢጠየቅ ይመሰክር ነበር።

ያን እንጀራ እያየሁ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዕቃ ሲበላሽበት ነጋዴውን ይከሳል፤ ዕቃውን መልሶ ይወረውርለታል፤ ቍጣውም እዚያው በሱቁ ደጃፍ ያልቃል። እኔ ግን ለዚህ ሲስተም አንዲት ሳንቲም አልከፈልሁም። የጻፉት ሰዎች ከፊሎቹ በደሞዝ፥ ከፊሎቹም እንዲያው በፈቃዳቸው፥ በማላውቃቸው አገሮች ተቀምጠው ሠርተው የሰጡኝ ናቸው፤ ስጦታ የሰጠውን ሰው በምን አፍ እከሰዋለሁ? ከዚህም በላይ አስጠንቅቀውኛል፤ ግልባጭ አስቀምጥ ብለው ጽፈውልኛል። መብራቱን ደግሞ ለማን እንደምከስ አላውቅም። እንዲህ ሆኖ ቍጣዬ የሚያርፍበት ባለ ዕዳ አጥቶ ሲዞር፥ ከሁሉ ቅርብ የነበረችውን፥ መልስ የማትመልሰውን አገኘ። ይህ ከተገለጠልኝ በኋላ እንኳ በዚያ ቀን ተነሥቼ ይቅርታ ለመጠየቅ አልቻልሁም። አባት ሆኖ ልጁን ማረኝ ማለት በአደግሁበት ቤት ያላየሁት ነገር ነውና አፌ አልታዘዘልኝም።

ሰኞ ዕለት ሣጥኑን በታክሲ ጭኜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድሁት። እዚያ ያለው ወጣት ከፍቶ ጥቂት አየና፥ «ፎርማት ይደረጋል፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። ዋጋውም ትንሽ ስለ ነበረ እሺ ልለው ጥቂት ቀረኝ። ነገር ግን፥ «በውስጡ ያለው ጽሑፍስ?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ፎርማት ከተደረገ እኮ ሁሉም ይጠፋል» ሲል እንደ ቀላል ነገር መለሰልኝ። ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከዚያ ቤት ወጣሁ።

በእነዚህ ማታዎች ሁሉ እናቴ ከቡና በኋላ እንደ ልማዳቸው ይጠብቁኝ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደክሞኛል ብዬ አሳለፍሁ። ሰኞ ማታ፥ «ልጄ፥ ምን ሆነሃል? በቤቱ ውስጥ ሰው የታመመ ይመስላል፤ ልጅቱም አትስቅ» ሲሉኝ፥ እውነቱን ነገርኋቸው። መሣሪያው እንደ ተበላሸ፥ የነገሩኝም ሁሉ ምናልባት እንደ ጠፋ ተናገርሁ። እናቴ አልደነገጡም።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? እኔ አለሁ አይደለም ወይ? ወረቀት አምጣና እንደገና እጀምርልሃለሁ» አሉ።

ደብተርና እስክሪፕቶ አምጥቼ ተቀመጥሁ። ከአባታቸው ጀምረው ጣታቸውን እያጠፉ ወደ ላይ መቍጠር ያዙ። አንደኛውን አሉ፤ ሁለተኛውን አሉ፤ ሦስተኛውን ከነሚስቱ ከነአገሩ ጠሩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጣታቸውን ይዘው ቈዩ። «እሱ እንኳ... አፌ ላይ ነው» አሉ፤ ቈይተውም እንደገና ከአባታቸው ጀመሩ፤ እንደገናም አራተኛው ላይ ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ፥ «እምዬ፥ ዛሬ ይበቃዎታል፤ ነገ እንቀጥላለን» ብዬ ደብተሩን አጠፍሁ። ስሙን እኔም በቃሌ አልያዝሁትም ነበር። ተጽፏል ብዬ እምነቴን በሣጥኑ ላይ ጥዬ ነበርና።

ማክሰኞ ማታ ያ የመሥሪያ ቤት ባልንጀራዬ ፍላሽ ይዞ መጣልኝ። እርሱ እንደ ነገረኝ፥ ሲስተሙ ታመመ ማለት ጽሑፉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ ይኑሩ እንጂ የተለያዩ ናቸው። ኡቡንቱን በፍላሹ ላይ ጽፎት መጥቶ ስለ ነበረ፥ ኮምፒዩተሩ ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሣ አደረገው። ይህ በእንግድነት እንደ መግባት ነው፤ የውስጡን ዲስክ ሳይነካ ያሳያል። የእኔም ፎልደር ታየ። ጽሑፉን ወደ ሌላ ፍላሽ ለመገልበጥ ዐይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ አልፈጀም። 143 ገጽ ሙሉ የሰባት ቤት ታሪክ በስልክ ከሚነሣ ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ቦታ ነው የያዘው። ለዚህች ታህል ነገር ሁለት ዓመት ነገ ነገ ማለቴን ሳስበው አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ የሲስተሙ ጥገና ቀላል ሆነ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ የሚመጣ የምርጫ ገጽ አለ፤ በዚያም ሪከቨሪ በሚባለው በኩል ገብቶ አንድ ትእዛዝ ጻፈ። የትእዛዙ ትርጕም፥ መንገድ ላይ የቀሩትን ጥቅሎች ሁሉ ከተቋረጡበት ጀምረህ አስተካክል፥ የሚል ነው። ወንዙ እንደገና ፈሰሰ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም 22.04 ተነሥቶ ቆመ። ባልንጀራዬ ወደ 24.04 እንቀጥል ወይ? ቢለኝ፥ ይህኛው አምስት ዓመቱን የሚጨርሰው በ2027 ስለ ሆነ እዚህ ሰፈር ጥቂት ልረፍ ብዬ መለስሁለት።

ዕረፍቱም ያለ ጣጣ አልሆነም። ማተሚያው ሁለት ቀን አኰረፈ። ኢንተርኔት የማይበት ፕሮግራም ስናፕ በሚባል በሌላ ዐይነት ጥቅል ተለውጦ ስለ መጣ፥ ጧት ጧት ሲከፈት ያዘግማል። ከሁሉ የባሰው ግን የአማርኛው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው በዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ስለ ገባ፥ የተጻፈው ሁሉ አንድ ፊደል ሳይጐድል ይነበባል፤ አዲስ ልጽፍ ስል ግን የአማርኛው ኪቦርድ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ሀ ብዬ ብጫን የሚወጣው የእንግሊዝ ፊደል ነው። ባልንጀራዬም በዚያ ሳምንት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር።

ልጄ ይህን እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ በትምህርት ቤትዋ ኮምፒዩተር ትማራለች። ነገር ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ሰላምታ ብቻ ሰጥታኝ ነበር የምታልፈው። ሐሙስ ማታ ክፍልዋን አንኳኵቼ ገባሁ። አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ድካም፥ ስለ አያትዋ ጽሑፍ፥ ስለ ብዙ ነገር። ሁሉም ጠፋኝና፥ «ልጄ፥ እኔ በድዬሻለሁ፤ ሐሰተኛ ያልሁሽ እኔ ነኝ ሐሰተኛ የሆንሁት፤ ይቅር በይኝ» ብቻ አልኋት።

ጥቂት ዝም አለችና፥ «አባዬ፥ እማዬ ያን እንጀራ ስታመጣ ነው ያመነኝ ሰው መኖሩን ያወቅሁት» አለችኝ። ከቅጣት ሁሉ ይህ ይከብዳል። ግን ተነሥታ ከእኔ ጋር መጣች። ስለ ኪቦርዱ ምንም አልጠየቅኋትም ነበር፤ ስክሪኑን እንዳየች ራስዋ ገብታ፥ ማስተካከያ በሚለው ቦታ አማርኛውን ፈልጋ መለሰችው።

ዓርብ ማታ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ሦስታችን ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ የምትጽፈው ልጄ ሆነች፤ እጅዋ ከእኔ ይፈጥናልና። ከመጀመራችን በፊት የነበረውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ላንብብልዎ ብዬ እናቴን ጠይቄ አነበብሁላቸው። አንደኛውን፥ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን አነበብሁ፤ አራተኛውን ስም ስጠራ እናቴ ቀና አሉ።

«እሱ ነው! እሱ ነው! እኔ ሰሞኑን ስፈልገው ነበር» አሉ፤ ወዲያውም፥ «ለመሆኑ ለአንተ ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ፥ እምዬ» አልኋቸው።

«እኔ?» አሉና ጥቂት አሰቡ። ከዚያም ወደ ልጄ ዞረው፥ «እንግዲያስ ጻፊ፤ የዚህ ሰው ሚስት ደግሞ ሁለት ነበሩ» ብለው ቀጠሉ።